የሚመልስ እንጨት

ጋሽ ልሳኑ በዳኝነቱ ቀን ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ጠዋት ይነሳና ጆሮውን ለብ ባለ ውኃ በነከረው ንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ይጠርጋል፤ ሬዲዮኑን አይከፍትም፤ ከሰዓት በኋላ ከዋናው መንገድ የሚመጣውን የባጃጅ ጩኸት ሽሽት በጓሮ በር ይወጣና በባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ጥግ ጥጉን ይዞ፣ የቀኝ አውራ ጣቱን በግራ መዳፉ እንደ እንቁላል አቅፎ፣ ወደ እንጨት ሠሪዎቹ አዳራሽ ይሄዳል። የዚያ ጣት ጥፍር ረጅም ነው። ጫፉን ሞርዶ ሞርዶ ክብ አድርጎታል። እንጨት የሚያንኳኳው በእርሱ ነውና ዓመቱን ሙሉ ይሳሳለታል።

መቼም ጅማ ላይ እንጨት ሠሪ ሞልቷል፤ ይህ ማኅበር ግን በቶርኖ እንጨት እያሽከረከሩ ቅርጽ የሚያወጡ ሰዎች ማኅበር ነው። ድሮ ድሮ ገና ሲደርስ ለጨዋታው የሚሆን የእንጨት ኳስ፣ ሩር፣ ነበር የሚሠሩት፤ ማን ሳያጣምም ክብ አድርጎ እንዳወጣው ይፎካከሩበት ነበር። ኋላ የገና ዛፍ በየቤቱ ሲገባ ሩሩ ክር ተበጀለትና ተንጠለጠለ፤ ውስጡ ተቦርቡሮ ቀለለ፤ ደወልና ኮከብ፣ እርግብና ሻማ ተጨመሩበት። ፉክክሩ ግን እንዳለ ቀጠለ። ከእነርሱ መካከል ያሸነፈ ሰው እስከሚቀጥለው ገና ድረስ ሰላምታው እንኳ ይለወጥለታል።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዓይን አይፈርድም። ቫርኒሽና ሰም ስንቱን ጉድ ይሸፍናሉ። ስለዚህ እንጨቱን በጥፍር ያንኳኩትና ያዳምጡታል። ጤነኛ ከሆነ ድምፁን ይመልስላችኋል፤ ውስጡ ስንጥቅ ካለበት ድምፁን ይዞት ይቀራል። ማኅበርተኞቹ ለዚህ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ ጤነኛውን «ይመልሳል» ይሉታል፣ ስንጥቅ ያለበትን «ይውጣል»። ከመሠራቱ በፊት ጉማጁን፣ ከተሠራም በኋላ ጌጡን እንዲሁ ያንኳኩታል። የሚውጥ ጉማጅ ቶርኖ ላይ አይወጣም። ሲሽከረከር ይፈነዳል፤ ፍንካቹም የሚሄድበት አይታወቅም።

ከሁሉም ጆሮ የጋሽ ልሳኑ ጆሮ ይበልጣል። ጉንዳን ሲያዛጋ ይሰማል እያሉ ይቀልዱበታል፤ ሳያገባ የቀረውም ሴቶች ገና በሆዳቸው ያሰቡትን ሰምቶ እየሸሸ ነው ይላሉ። እርሱም ይስቃል። ዳኛው አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ዘግቶ ይገባል፤ እርሱ ራሱ እስኪከፍት ድረስም ማንም ሰው በሩን አያንኳኳም። አንድ ጊዜ ማኅበርተኛ ረስቶ አንኳኩቶ ጋሽ ልሳኑ ሥራውን ትቶ ወደ ቤቱ ስለሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ከውስጥ ምን ቢሰማ ሁሉም ደጁ ላይ እንደ ቅዳሴ ፀጥ ብሎ ይጠብቃል።

ዘንድሮ አንድ አዲስ ነገር ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ነጋሳ፣ ወሬ የሚወድ ግን ክፋት የሌለበት ግዙፍ ሰው፣ አሸናፊው በግድግዳው ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመውን አሮጌ ቶርኖ እንዲወስድ አስወስኗል። ያ ቶርኖ የድልነሳ ነበር። ድልነሳ ከሞተ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ጋሽ ልሳኑ ውሳኔውን የሰማ ቀን ማሽኑ አርጅቷል፣ ሰው ይጎዳል፣ ለብረት ገዥ ይሰጥ ብሎ ብዙ ተከራከረ፤ አቶ ነጋሳም ሳቅ እያለ፣ ማሽኑስ ካንተ በዕድሜ ያንሳል አለውና ነገሩ በሳቅ ታለፈ።

ጋሽ ልሳኑ አዳራሹ ደጅ ሲደርስ ሰዎቹ ከግራር ጥላ ሥር ተሰብስበው ይጫወታሉ። ትርንጎ ብቻ ራቅ ብላ ቆማለች። የድልነሳ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። አሁን የቶርኖ ሥራ ይዛለች። በማኅበሩ ብቸኛዋ ሴት ስለሆነች መጀመሪያ ላይ መዘባበቻ አድርገዋት ነበር፤ እጇን ካዩ በኋላ ግን ዝም አሉ። ቢሆንም አንድም ዓመት አሸንፋ አታውቅም። ያመጣችውን ሁሉ ጋሽ ልሳኑ በጥፍሩ መታ መታ ያደርግና «ይውጣል» ይላል። ከእርሱ ጆሮ በኋላ ማን ያዳምጣል።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። ዘንድሮ በደንብ ይስሙልኝ።»

«ጆሮ አያዳላም ልጄ።»

«አባቴም ስለ እርስዎ እንደዚያ ይል ነበር አሉ» አለች፤ ፊቷ ላይ ቂምም ፈገግታም አልነበረም። ጋሽ ልሳኑ እጇን አየ። ከቀሚሷ ጎን ተንጠልጥሎ፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጭኗን ቀስ እያደረገች ትመታ ነበር። ልማድ ነው፤ አባቷም ያደርገው ነበር።

ገባና በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። መስኮቶቹ የውጭ ድምፅ እንዳያስገቡ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለችው አንዲት አምፖል ብቻ ታበራለች፤ ብርሃኗም ዛፉ ላይ ሲደርስ ይደክማል፣ ከዛፉ ወዲያ ያለው ጥግ ድረስ አይዘልቅም። ዛፉ ጠዋት የተቆረጠ ጥድ ነው። ሽታው ከሰሙና ከቫርኒሹ፣ በወለሉ ጣውላ ክፍተት ለዓመታት ከተጠራቀመው ሰጋቱራ ጋር ተቀላቅሎ ጋሽ ልሳኑ በሕይወቱ ከሚወዳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱን ሠርቷል፤ ገና ደረሰ ደረሰ የሚል ሽታ። ጌጦቹ በየቅርንጫፉ ተሰቅለዋል። ባለቤታቸው እንዳይታወቅ ስም የለባቸውም፤ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ብቻ። እርሱ ግን ክሩን አያይም። ድምፃቸውን ሲሰማ የማን እጅ እንደሆኑ ያውቃል።

ከዋንዛ የተሠራውን ሉል በመዳፉ ደገፈና በጥፍሩ መታው። ድምፁ ጥርት ብሎ ተመለሰ። «ይመልሳል» አለ ለራሱ። ደወሉንም መታው፤ ተመለሰ። ኮከቡን መታው፤ ይህም ተመለሰ። እንዲህ እያለ ዛፉን በዝግታ ሲዞር ልቡ ረጋ፤ ከውጭ የአቶ ነጋሳ ሳቅ በብርድ ልብሱ ታፍኖ ይመጣል፤ ሁሉ ነገር እንደ ወትሮው ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም ከቁም ነገር የማይገባ፣ ጆሮውን ቆረቆረው። እርሱ አንድ ጊዜ በመታ ቁጥር፣ ትንሽ ቆየት ብሎ፣ ከጨለማው ጥግ ሌላ ምት ይሰማል። ኳ ይላል እርሱ፤ ኳ ይላል ጥጉ። የገደል ማሚቶ ነው አለ። ወዲያው ግን ብርድ ልብስ በተጋረደበት ክፍል የገደል ማሚቶ እንደማይኖር ትዝ አለው። ብርድ ልብሱን ያሰቀለው ራሱ ነዋ።

ሲያቆም ያኛውም አቆመ። እንግዲህ ዕድሜ ነው፣ ጆሮም ያረጃል ብሎ ራሱን አጽናናና የወይራዋን እርግብ ያዘ። መታት። ዋጠች። ይሁን፣ ስንጥቅ ይኖርባታል። ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ሻማ መታት፤ ዋጠች። ከላይዋ የተሰቀለውን ደወል መታው፤ ዋጠ። ጣቱን አሸት አሸት አድርጎ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ዋንዛው ሉል ተመለሰና እንደ አዲስ መታው። ቅድም እንደ ብርጭቆ የጠራው ሉል አሁን ድምፁን ወደ ውስጥ ሳበው፤ ጠጠር ወደ ጉድጓድ ወርዶ ወርዶ መሬት ሳይነካ ሲቀር እንደሚሆነው። ጠረጴዛውን አንኳኳ። ጠረጴዛውም ዋጠ።

የዚያን ጊዜ ነው የአቶ ነጋሳ ሳቅ እንደሌለ ያስተዋለው። ሰው ቀስ በቀስ ዝም ሲል ያለው ዓይነት አልነበረም፤ ከሳቁ መሐል፣ ጨርቅ ከሥሩ እንደሚሳብ፣ ደጁ ሁሉ ተስቦ ጠፋ። ባጃጅ የለ፣ ወፍ የለ። የራሱ እስትንፋስ ብቻ ነበር የቀረው፤ እርሱም ከአፍንጫው እንደወጣ አጠር እያለ የሆነ ቦታ ላይ ይቆረጣል። ደግሞ አዲስ ሽታ መጣ። ከጥዱ ሥር፣ ከሰሙ ሥር፣ ቀጭን የጭስ ሽታ፤ የደነዘ መሮ የሚሽከረከር ወይራ ላይ ሲደገፍ የሚያወጣው፣ ጣፈጥ ያለ የተቃጠለ እንጨት ሽታ። በዚህ አዳራሽ ወይራ ከተሠራ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሁን ሁሉም በየቤቱ ነው የሚሠራው።

ከሸራው በታች፣ ቶርኖው እግር ሥር፣ ሰጋቱራ አየ። ከጣውላው ክፍተት ያለው አሮጌ ሰጋቱራ ጠቁሮ ከአቧራ ጋር አንድ ሆኗል። ይኼኛው ግን ወርቅማ፣ እርጥብ፣ ገና አሁን የወረደ ነበር።

ወደ በሩ ሊሄድ ዞረ፤ ሲዞርም አንድ ጌጥ ጉንጩን ነካው። በዛፉ ጀርባ፣ ወደ ቶርኖው በኩል፣ ቀለም ባልነካው ነጭ ክር የተሰቀለ ሩር ነው። ቅድም አላየውም። የወይራ ሥር ነው፤ ቫርኒሽ አልነካውም፣ ሰምም የለበትም። እንደ እንቁላል ቅርፊት እስኪሳሳ ተቦርቡሯል፤ የአምፖሏ ብርሃን ከማዶ ቀይ ሆኖ ያልፍበታል። ይህን ያህል አሳስቶ መቦርቦር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ያውቅ ነበር። በሩሩ ወገብ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጥቁር መስመር አለ። ጋሽ ልሳኑ አቅርቦ አየው። ስንጥቅ ነው፤ ያውም ሲሠራ የመጣ ሳይሆን ዛፉ ገና ቆሞ ሳለ የነበረ፣ ያረጀ ስንጥቅ። የእንጨቱ መልክ፣ እንደ ጭስ የሚጠማዘዘው ጥቁርና ቢጫ፣ ከዓይኑ ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ ግማሽ እርሱ እየሰማ ነው የፈነዳው። ሌላው ግማሽ እስከ ዛሬ በድልነሳ ቤት እንደነበረ አያውቅም ነበር።

ጣቱን ሳያነሳ ሩሩ መለሰ። ኳ። ጥርት ያለ፣ ንጹሕ፣ ስንጥቅ የሚባል ነገር የማያውቅ ድምፅ።

እናንተዬ፣ ሰው የረሳውን ነገር አይፈራም። ጋሽ ልሳኑ የፈራው አንድም ቀን ረስቶት ስለማያውቅ ነው። እርሱና ድልነሳ ሲጀምሩ በአንድ ቤት ነበሩ። የድልነሳ እጅ፣ የልሳኑ ጆሮ ይባል ነበር፤ አንዱ ያዳምጣል፣ አንዱ ይሠራል። እየቆየ ግን ሰው እጁን ብቻ ማንሳት ጀመረ። አንድ ገና ድልነሳ ብርሃን የሚያሳልፍ ሩር ሠርቶ ሲያሸንፍ ሰዎቹ በትከሻቸው ተሸክመውት እየጨፈሩ ወጡ፤ ያን እንጨት ከስንት ጉማጅ መካከል ያዳመጠለት ልሳኑ በር ላይ ቆሞ መንገድ ለቀቀላቸው። በሚቀጥለው ዓመት፣ ገና ሊገባ ሲል፣ በአንድ ፀሐያማ ጠዋት፣ ድልነሳ የወይራ ሥር ለሁለት ቆርጦ አንዱን ቤቱ ትቶ ሌላውን ይዞ መጣና ከቶርኖው አጠገብ አስቀመጠው። ፊቱ ሁሉ ደስታ ነበር።

«ጆሮዬ፣ እስቲ ስማልኝ» አለው።

ልሳኑ ከላይ መታው፣ ከመሐል መታው፣ ከሥር መታው። እንጨቱ ሦስቱንም ዋጠ። እንዲያ አድርጎ የሚውጥ ጉማጅ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሰምቶ አያውቅም። ቀና ሲል የድልነሳን ፊት አየ፤ ያን በትከሻ ላይ የነበረ ፊት።

«ይመልሳል» አለ።

ከዚያም ውኃ ልጠጣ ብሎ ከበሩ ኋላ ሄዶ ቆመ። ሞተሩ ሲነሳ ሰማ፤ ፍንዳታውንም ሰማ። ፍንካቹ ድልነሳን ጉሮሮው ላይ ነበር ያገኘው። ሰዎቹ ሮጠው እስኪመጡ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ድልነሳ መናገር አልቻለም፤ ዓይኑን ከልሳኑ ላይ ሳይነቅል በአውራ ጣቱ ጥፍር ወለሉን አንኳኳ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ጣቱን አቁሞ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቀ፤ እየጠበቀም ሞተ። ሁሉም አደጋ ነው አሉ። እንኳን ሌላው፣ ጆሮው ልሳኑ ራሱ ጤነኛ ነው ብሎለት ነበር እኮ አሉ። ለቅሶው ላይ ከቤተ ዘመድ እኩል ያስቀመጡት እርሱን ነበር። ልጅቱ አድጋ ጌጥ ማምጣት ስትጀምር ግን፣ አንኳኩታ የምታዳምጥበት ሁኔታ የአባቷ ሆኖ ሲያገኘው፣ ከዚህ ቤት ልትርቅለት ይገባ ነበር። ያመጣቻቸው ሁሉ ይመልሱ ነበር። እርሱ ነው ይውጣል ሲል የኖረው።

አሁንም ይልና ይገላገላል። ወጥቶ የነጩ ክር ይውጣል ይላል፤ ስንጥቁ በዓይን ስለሚታይ ማንም አይከራከረውም፤ ትርንጎም ቶርኖውን አታገኝም፤ ሩሩን ደግሞ ለመጣል ብሎ ወስዶ ምድጃ ይከተዋል። ይህን ሲያስብ ትንሽ በረታ። ቃሉን ለመሞከር ያህል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጮክ ብሎ «ይውጣል» አለ።

ድምፁ አልተሰማውም። ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል፣ ደረቱም ነዝሯል፤ ቃሉ ግን ከጥርሱ ሳያልፍ ክፍሉ ዋጠው።

በዛፉ ላይ ያሉት ጌጦች መዞር ጀመሩ። ነፋስ እንደሚያወዛውዛቸው አልነበረም፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ፊት፣ ቶርኖ እንደሚያሽከረክረው፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ክሮቻቸው እስኪከርሩ ድረስ። ነጩ ክር ላይ ያለው ሩር ብቻ ቀጥ ብሎ ቆመ። በማዶ ሸራው አንድ ቦታ ላይ፣ ከሰው አንገት ትይዩ፣ ገባ ወጣ ይል ነበር፤ በቀዳዳ እንደሚተነፍስ ነገር።

ጋሽ ልሳኑ ሮጦ በሩ ላይ ደረሰ። መቀርቀሪያው ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ እንደተቀረጸ ሁሉ አልነቃነቅ አለው። በቡጢ መታው፣ በክርኑ መታው፤ በሩ ሁሉንም ዋጠ። በጣውላው ስንጥቅ ዓይኑን አሹልኮ አየ። ሰዎቹ እዚያው ናቸው፤ ፀሐዩ አዘንብሏል፣ አቶ ነጋሳ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወሬ የጀመረ አንድ ሰውዬ ዝም ያሰኛል፤ ሁሉም ለጆሮው ክብር ብለው ፀጥ ብለዋል። ትርንጎ ከበሩ ፊት ለፊት ቆማ ቀጥ ብላ ወደ ስንጥቁ ታያለች። ዘንበል ብላለች፤ እንደምታዳምጥ። በጭኗ ላይ ያለችው ጣት ግን አትንቀሳቀስም ነበር፤ ጠብቃ ጠብቃ መልስ እንደመጣላት ሰው፣ አርፋለች።

ስሟን ጠራ። ይቅርታ የሚለውንም ቃል ሞከረው፤ በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜ። እርሱም ተዋጠ።

ያን ጊዜ አምፖሏ ጠፋች፤ ከኋላው የሸራው መውደቅ፣ ከዚያም በእርጥብ ሰጋቱራ ላይ የሚረግጥ እርምጃ ተሰማ። የተቃጠለው ወይራ ሽታ ማጅራቱ ላይ ሞቆ ቆመ። ጋሽ ልሳኑ አልዞረም። አንድ ጥፍር አናቱን መታ አደረገው፤ ሳይቸኩል፣ ሳይጨክን፣ ሥራውን እንደሚወድ ሰው። ቀጥሎ ከጆሮው በላይ። ቀጥሎ ከማጅራቱ ሥር። በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ ጋሽ ልሳኑ አዳመጠ፤ ሳያዳምጥ መቅረት አያውቅማ። ሦስቱም ምት ወደ ውስጡ ገባ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ አንዱም አልተመለሰም፤ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ነበረበት።

ጥጉ ውስጥ ሞተሩ ሲነሳ ያን አንድ እውነት፣ ይውጣል የሚለውን፣ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከትከሻው በላይ ግን ድምፅ ቀደመው፤ የድልነሳ ሳይሆን የራሱ፣ የዚያ ፀሐያማ ጠዋት ወጣት፣ የተረጋጋ፣ ወዳጅ የሚያምነው ድምፅ፦ «ይመልሳል።»